ኦይስተር በዛጎሉ ሲጋገር
ስለ ትሪው፣ ስለ ጨውና ስለ ቢላዋው

ሥሩ ክብ የሆነ ጀበና ያለ ማቶት እንደማይቆም የማያውቅ የአገራችን ሰው የለም። ክብ ዕቃ ሁሉ የሚደገፍበት ነገር ይሻል፤ ያለዚያ ይንከባለላል፣ የያዘውንም ያፈሳል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናወሳ ያሰብነው ጉዳይ ከዚሁ ከማቶት ነገር የራቀ አይደለም። ይኸውም በባሕር ማዶ፣ ይልቁንም በአሜሪካ ደቡብ በምትገኘው በሉዊዚያና ግዛት፣ ኦይስተር የተባለው የባሕር ፍጥረት በገዛ ዛጎሉ ላይ እንዳለ ኦቨን ውስጥ ገብቶ ሲጋገር ምን ዓይነት ዕቃ እንደሚያስፈልገው፣ ዕቃውም ከጣዕም አልፎ ለበላተኛው ጤና እስከ ምን ድረስ እንደሚያገለግል ነው።

«ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄውም የሚገባ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውሃ ፍጥረት እንዳይበላ ስለ ታዘዘ፣ ይህን ሥርዓት የሚጠብቅ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ኦይስተርን ወደ ገበታው አያቀርብም። በእስራኤል የሚኖሩና ሕጉን የሚያከብሩ ወገኖቻችንም እንደዚሁ ናቸው። ነገር ግን መብላት ሌላ፣ ማብሰል ሌላ ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ፣ እንዲሁም በሌሎች የአሜሪካና የአውሮፓ ከተሞች፣ በሆቴልና በምግብ ቤት ማእድ ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ የአገራችን ተወላጆች አሉ። ለዋሽንግተን ቅርብ የሆነው የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ በኦይስተሩ ስሙ የተጠራ ነው። እንግዲህ ራሱ የማይቀምሰውን ምግብ ለሌላ ሰው የሚያበስል ሠራተኛ በምላሱ ሊፈርድ ስለማይችል፣ ከማንም ይበልጥ ዕቃውንና ልኩን ጠንቅቆ ማወቅ ይኖርበታል። ይህንን ጽሑፍ ስናዘጋጅ በመጀመሪያ ያሰብነው ስለ እርሱ ነው።

በአገራችን «ዛጎል» ሲባል ወዲያው በሐሳብ የሚመጣው በደቡብ ያሉ ሴቶች በአንገታቸውና በልብሳቸው ላይ የሚያጌጡበት ነጭና ልሙጥ ነገር ነው። የኦይስተር ዛጎል ግን ውበት የለውም። ውጪው እንደ ተሰነጠቀ ድንጋይ ሸካራ፣ ቅርጹም አንዱ ከአንዱ የማይመሳሰል ነው። ሁለት ክዳን አለው፤ አንደኛው እንደ ጭልፋ የጎደጎደ፣ ሁለተኛው ጠፍጣፋ ነው። ሁለቱ በአንድ ጫፍ እንደ በር በማጠፊያ ይያያዛሉ፤ በመካከላቸውም አንድ ብርቱ ጡንቻ አለ። ኦይስተሩ በሕይወት እስካለ ድረስ በዚህ ጡንቻ ክዳኑን አጥብቆ ይዘጋል። በውስጡ ከሥጋው ጋር ጨዋማ ውሃ ይገኛል፤ ምግቡን የሚያውቁ ሰዎች ከሥጋው ይልቅ ለዚህ ውሃ ይሳሳሉ ቢባል ማጋነን አይሆንም። አብሳዩ የጎደጎደውን ክዳን ከታች አድርጎ ጠፍጣፋውን አንሥቶ ይጥላል፤ የቀረው ክዳን ምጣድም፣ ሳሕንም ይሆናል። ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የተፈጥሮ ሳሕን ሥሩ ጠማማ ስለ ሆነ ዝርግ ትሪ ላይ ሲያስቀምጡት ወደ ጎን ይጋደማል፤ ውሃው ይፈሳል፣ ቅቤው ይከተለዋል፣ በጋለው ብረት ላይ ሲንጠባጠብም ጢሱ ቤቱን ይሞላዋል። ሥጋውም ያለ ውሃው ስለሚቀር ይደርቃል።

ይህ ችግር በሰፊው እንዲታወቅ ያደረገው በኒው ኦርሊንስ ከተማ ያለው የአንትዋን ምግብ ቤት ነው። ምግብ ቤቱን በ1840 የመሠረተው አንትዋን አልሲያቶር የተባለ ከፈረንሳይ አገር የመጣ ሰው ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን ሁሉ የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።) ልጁ ዡል አልሲያቶር ቤቱን ሲመራ፣ በ1889 ገደማ፣ ከፈረንሳይ ይመጣ የነበረው ቀንድ አውጣ እንደ ልብ አልገኝ ስላለው በቦታው የአገሩን ኦይስተር ተክቶ በአረንጓዴ ቅጠላ ቅጠልና በቅቤ የተሠራ ወፍራም ስልስ አለበሰውና በእሳት አጋገረው ይባላል። ስልሱ እጅግ የደለበ በመሆኑ በዚያ ዘመን በነዳጅ ንግድ ከሁሉ በበለጸገው በጆን ሮክፌለር ስም «ኦይስተር ሮክፌለር» ተባለ። የስልሱን አሠራር ቤቱ እስከ ዛሬ በምሥጢር ይዞታል። ሌሎች ምግብ ቤቶች በቆስጣ መሰል ቅጠል ይሠሩታል፤ የአንትዋን ቤት ሰዎች ግን «የእኛ ቆስጣ የለበትም» ከማለት በቀር ሌላ ነገር አይናገሩም። ለቀንድ አውጣ ፈረንሳዮች ስድስት ወይም ዐሥራ ሁለት ትናንሽ ጉድጓዶች ያሉት ልዩ ሳሕን ነበራቸው። ኦይስተር ግን ከቀንድ አውጣ የሚበልጥና ቅርጹ የማይገመት ስለ ሆነ በዚያ ሳሕን ላይ አይገባም። ስለዚህ የኒው ኦርሊንስ አብሳዮች ወደ ሌላ ዘዴ ሄዱ፤ እርሱም ጨው ነው።

የጨው ማቶት

ጎላ ጎላ ያለውን፣ ያልተፈጨውን ጥሬ ጨው፣ ከአፋር በረሃ የሚመጣውን ጨው ሰብረው እንደሚያገኙት ያለውን፣ ጠርዝ ባለው ትሪ ላይ እንደ ጠጠር አንድ ወይም ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ያነጥፉታል። ኦይስተሩን በላዩ ሲያስቀምጡና በጣታቸው ትንሽ ሲጫኑት ጨው ራሱ እንደ ዛጎሉ ቅርጽ ይጎደጉዳል። ለያንዳንዱ ኦይስተር የየራሱ ማቶት ተሠራለት ማለት ነው። ይህንን የመሰለ ርካሽና ብልህ ዕቃ ፋብሪካ አላወጣም ብንል አንፈራም።

ጨው የተመረጠው ለቅርጹ ብቻ አይደለም። ጨው የሚቀልጠው በ801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ምግብ የሚበስልበት የቤት ኦቨን የዚህን ግማሽ እንኳ ስለማይደርስ፣ ጨው ሳይቀልጥና ሳይቃጠል ሙቀቱን ተሸክሞ ይቆያል። ትሪው ከኦቨን ወጥቶ ገበታ ላይ ከቀረበም በኋላ ኦይስተሩን ከሥር ያሞቀዋል። ታዲያ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ቀዝቃዛ ጨው ላይ ቀዝቃዛ ኦይስተር ተቀምጦ ኦቨን ውስጥ ሲገባ፣ ጨው ሙቀቱን መጀመሪያ ለራሱ ይውጠዋል፤ ለኦይስተሩ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ጨው ከነትሪው ቀድሞ ኦቨን ውስጥ ገብቶ በደንብ መጋል አለበት። ኦይስተሩ የሚቀመጠው ከዚያ በኋላ ነው። እጅ እንዳይቃጠል ደግሞ በመቆንጠጫ እንጂ በጣት አይደለም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ እናስጠንቅቅ። በበረዶ አገር ለመንገድ የሚበተን ጥሬ ጨው በከረጢት ይሸጣል፤ መልኩም ከምግቡ ጨው ጋር ይመሳሰላል። ይህ ለምግብ ተብሎ የተጣራ አይደለምና በርካሽነቱ ተታሎ ወደ ማእድ ቤት ማስገባት አይገባም።

ጨው በቤቱ የሌለው ሰው የአሉሚኒየም ወረቀት ጨምድዶ በትሪው ላይ ቢዘረጋው በክርክሙ መካከል ዛጎሉ ይደገፍለታል። ሙቀት እንደ ጨው አይዝም፤ ከመንከባለል ግን ያድናል። የትናንሽ ኬክ መጋገሪያ የሆነው ባለ ጉድጓድ ቆርቆሮም መጠነኛ ኦይስተር ይቀበላል። የመስታወት ትሪ ግን ለዚህ ሥራ አንመርጠውም፤ በጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ ሲል ሊፈነዳ ይችላልና።

ስለ ብረት ትሪው

በ1993 በኒው ኦርሊንስ አጠገብ በሜተሪ ከተማ፣ ከክሮኤሺያ በመጣ ቤተ ሰብ በ1969 በተቋቋመው በድራጎስ ምግብ ቤት፣ ቶሚ ስቪታኖቪች ኦይስተርን በቅቤ፣ በነጭ ሽንኩርትና በአይብ ለውሶ በክፍት ነበልባል ላይ መጥበስ ጀመረ። በሉዊዚያና የኦይስተር ሥራ ላይ ከክሮኤሺያ የመጡ ሰዎች ከብዙ ትውልድ ጀምሮ የቆዩ ናቸውና ነገሩ ከእነርሱ መውጣቱ አያስገርምም። ምግቡ በከተማው እጅግ ተወደደ፤ ሌሎችም ተከተሉት። በቤቱ ከሰል የማያነድ፣ ወይም በፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ይህንኑ በኦቨን ሊያገኝ ይመኛል። ለዚህም ነው ዐሥራ ሁለት ወይም ከዚያ የሚያንስ ጉድጓድ ያላቸው፣ ለኦይስተር ብቻ ተብለው የተሠሩ የብረት ትሪዎች በገበያ ላይ የሚታዩት።

ትሪዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው ለማለት ይቻላል። አንዳንዶቹ ዛጎሉን ከነሥጋው የሚቀበሉ ናቸው፤ ሥራቸው ማቶትነት ነው። ሌሎቹ ግን ዛጎሉን ጭራሽ የሚተኩ ናቸው፤ ሥጋው ተፈልፍሎ በቀጥታ በብረቱ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል እንጂ የአበሳሰሉን ሰዓት ይለውጠዋል። የኦይስተር ዛጎል እንደ ኖራ ድንጋይ ካለ ነገር የተሠራ ስለ ሆነ ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም። በዛጎል ላይ ያለ ሥጋ ከታች በዝግታ ነው የሚሞቀው፤ በጋለ ብረት ላይ የተቀመጠ ግን ወዲያውኑ ይንጫጫል። በአንደኛው የለመደ አብሳይ በሁለተኛው ሲሠራ ወይ ያደርቀዋል፣ ወይ ጥሬ ያወጣዋል።

ብረቱም ራሱ ይለያያል። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ወፍራም ብረት ከባድ ነው፤ ለመጋል ይዘገያል፣ ከጋለ በኋላ ግን ሙቀቱን አይለቅም። ለሸክላ ምጣድ የምናደርገውን ማሟሸት ይህም ይፈልጋል። የእኛ እናቶች በጎመን ዘር እንደሚያሟሹ፣ በዚያ አገር በዘይት ቀብተው እያጋሉ ያሟሹታል። ጨዋማ ውሃና ሎሚ የብረት ጠላቶች በመሆናቸው አጥቦ ወዲያው ያላደረቀው ሰው በማግሥቱ ዝገት ያገኛል። አሉሚኒየም በክብደት ከብረት ሢሶ ያህል ብቻ ነው፤ ሙቀትም በፍጥነት ያዳርሳል፣ ነገር ግን ከእሳት ሲወጣ ቶሎ ይበርዳል፣ ሎሚና ኮምጣጤ የበዛበት ስልስም ሲነካው የብረት ጣዕም ሊያመጣ ይችላል። የማይዝገው ብረት ለማጠብ ይመቻል፤ ስሱ ከሆነ ግን በአንድ ወገን አቃጥሎ በሌላው ወገን ጥሬ ይተዋል።

ምረጡ ብንባል እኛ ምን እንላለን? በዓመት ሁለት ጊዜ እንግዳ ለሚጋብዝ ሰው ጨው ይበቃዋል፤ ገንዘቡን ለኦይስተሩ ያውለው። በየሳምንቱ ለሚሠራ፣ ይልቁንም ለምግብ ቤት፣ ወፍራሙ ብረት የሚጠቅም ይመስለናል። ጉድጓዶቹ ጥልቅ መሆናቸውንና የትሪው እጀታ በወፍራም ጨርቅ ለመያዝ የሚመች መሆኑን መመልከት ያስፈልጋል። ዐሥራ ሁለት ጋለ ኦይስተር የተሸከመ ከባድ ብረት ከኦቨን ሲወጣ ያለ በቂ እጀታ ማንሣት አደጋ ነው። ከነጭ ሸክላ የተሠሩ፣ ዛጎል የሚመስሉ ትናንሽ ሳሕኖችም አሉ። ውበታቸው መልካም ነው፤ ዋና ጥቅማቸውም ኦይስተሩን በቢላዋ ለመክፈት ለማይችል ወይም ለማይደፍር ሰው፣ ተፈልፍሎ በማሰሮ የሚሸጠውን ገዝቶ በእነርሱ ላይ መጋገር መቻሉ ነው።

ቡናማ መሆን መብሰል አይደለም

አሁን የምንናገረው ከሁሉም የሚከብደውን ነው። በሞቃት የባሕር ውሃ ውስጥ ቪብሪዮ የተባሉ ረቂቅ ሕዋሳት ይኖራሉ። ኦይስተር ለመብል ውሃ እያጣራ የሚኖር ፍጥረት ነው፤ አንድ የደረሰ ኦይስተር በመልካም ጊዜ በቀን እስከ 190 ሊትር የሚደርስ ውሃ ሊያጣራ ይችላል ይባላል። በሚያጣራበት ጊዜ እነዚህ ሕዋሳት በሥጋው ውስጥ ይከማቻሉ። ከእነርሱ መካከል ቪብሪዮ ቩልኒፊከስ የሚባለው የከፋው ነው። ለጤነኛ ሰው ብዙ ጊዜ ባያሰጋም፣ የጉበት ሕመም ላለበት፣ ለስኳር በሽተኛ፣ ሰውነቱ በሽታን የመከላከል ኀይሉ ለደከመ ሰው ግን ደም ውስጥ ገብቶ በጥቂት ቀን ውስጥ ሊገድል ይችላል። የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል እንደሚያስታውቀው በዚህ ሕዋስ ከተያዙት አምስት ሰዎች አንዱ ያህል ይሞታል። የካሊፎርኒያ ግዛት በ2003 ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በሞቃቶቹ ወራት የሚወጣ ጥሬ ኦይስተር ሕዋሱን የሚቀንስ ዝግጅት ካልተደረገለት በቀር እንዳይሸጥ ከልክሎ፣ ከዚያ ወዲያ በግዛቱ በዚህ ምክንያት የሚታመመውና የሚሞተው ሰው በግልጽ ቀንሷል።

ሎሚ መጭመቅ፣ በርበሬ መነስነስ፣ ወይም በላዩ አልኮል መጠጣት ሕዋሱን አይገድለውም። መልኩን፣ ሽታውንና ጣዕሙንም ስለማይለውጥ በዐይንም በአፍንጫም አይታወቅም። የሚገድለው ሙቀት ነው።

በኦቨን የተጋገረ ኦይስተር ታዲያ አያሰጋም ማለት ነውን? እዚህ ላይ ነው የዕቃው ነገር የሕይወት ጉዳይ የሚሆነው። በላዩ አይብና ቅቤ የለበሰ ኦይስተር ከላይ በሚያቃጥለው የኦቨኑ እሳት ሥር ሲገባ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቡናማ ይሆናል፣ ይንተከተካል፣ መዓዛውም ያውዳል። አብሳዩ ደረሰ ብሎ ያወጣዋል። ከአይቡ ሥር ግን፣ በወፍራሙ ዛጎልና በቀዝቃዛው ጨው መካከል፣ ሥጋው ለብ ከማለት አላለፈም። ለእንግዳው የቀረበለት ከላይ የተጠበሰ፣ ከታች ጥሬ የሆነ ምግብ ነው። እንግዳውም «ተጋግሯል» ስለ ተባለ፣ ሐኪም ጥሬ የከለከለው ሰው እንኳ ቢሆን ያለ ሥጋት ይበላዋል። ስለዚህ ትሪውን አስቀድሞ ማጋል የሞያ ወግ ብቻ አይደለም።

ልኩ የታወቀ ነው። ከላይ የጠቀስነው ማዕከል ተፈልፍሎ የሚጋገር ኦይስተር በ232 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ዐሥር ደቂቃ እንዲቆይ ይመክራል። ከላይ በሚያቃጥለው እሳት ከሆነ ከእሳቱ በሰባት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ርቀት ለሦስት ደቂቃ፣ በዘይት ከሆነ በ190 ዲግሪ ለሦስት ደቂቃ ነው። ሳይከፈት ከነክዳኑ የሚቀቀለው ደግሞ ክዳኑ ከተከፈተ በኋላ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይጨመርለታል። በቴርሞሜትር ለሚለካ ሰው የሥጋው መካከል 63 ዲግሪ ሊደርስ ይገባዋል። ሹል ጫፍ ያለው ትንሽ የምግብ ቴርሞሜትር ከማንኛውም ልዩ ትሪ ያነሰ ዋጋ አለው፤ እኛ አንድ ዕቃ ብቻ ግዙ ብንባል የምንገዛው እርሱን ነው። ኦቨኑ ራሱ በቁጥሩ ላይ ያሳየውን ሙቀት በእውነት መድረሱን የሚለካ፣ ውስጥ የሚንጠለጠል ሌላ ቴርሞሜትርም አለ። በአሮጌ ኦቨን የሚሠራ ሰው እርሱንም ቢጨምር ጥሩ ነው።

የድሮ ሰዎች ኦይስተር የሚበላው በፈረንጅ ስማቸው ውስጥ «ር» የሚሰማባቸው ወራት ሲሆኑ ብቻ ነው ይሉ ነበር። ይህም ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ማለት ነው። (በእኛ ወራት ስም ቢሞከር ሒሳቡ አይመጣም።) ምክንያት የሌለው አባባል አይደለም፤ ያለ «ር» የሚቀሩት ወራት በዚያ አገር ውሃው የሚሞቅባቸውና ኦይስተሩም የሚራባባቸው ናቸውና። ነገር ግን ውሃ በቀዘቀዘበት ወርም ቪብሪዮ ፈጽሞ አይጠፋም፤ ወሩን አይቶ ሰዓቱን ማሳጠር አይገባም።

ስለ ቢላዋውና ስለ እጅ

ኦይስተር የሚከፈተው በተለየ ቢላዋ ነው። ምላጩ አጭር፣ ወፍራምና የደነዘ ነው፤ ሥራው መቁረጥ ሳይሆን መፈልቀቅ ስለ ሆነ። በአሜሪካ የየወደቡ ሰው የየራሱ ቅርጽ አለው። የኒው ሄቨኑ ጫፉ ወደ ላይ ቀና ያለ ነው፤ የቦስተኑ ረዘም ብሎ ጠባብ ነው፤ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለው ለትልልቅ ኦይስተር ስለ ተሠራ ረጅምና ጠንካራ ነው። ፈልፋዩ ጫፉን በማጠፊያው ላይ አስገብቶ እንደ ቁልፍ ያዞረዋል፤ ክዳኑ «ጧ» ብሎ ሲላቀቅ ምላጩን በጠፍጣፋው ክዳን ሥር አንሸራትቶ ጡንቻውን ይቆርጣል፤ ከዚያም ከሥጋው በታች አንድ ጊዜ ያዞርና ከጎድጓዳው ክዳን ያላቅቀዋል። የለመደ ሰው በጥቂት ሴኮንድ ይጨርሰዋል። ያልለመደው ሰው ግን ኀይል ሲጨምር ቢላዋው ያመልጥና የሌላኛውን እጁን መዳፍ ይወጋዋል።

ቁስሉ ብቻ ቢሆን በቀላሉ ባለፈ ነበር። ያ ሕዋስ በአፍ ብቻ ሳይሆን በተቆረጠ ቆዳም ይገባል፤ የገባበትንም ሥጋ በፍጥነት ያበላሸዋል። ስለዚህ በማእድ ቤት የሚሠራ ወገናችን ኦይስተር በሚይዝ እጁ ላይ ከሽቦ የተሸመነ ወይም ወፍራም የጎማ ጓንት ሳያደርግ ሥራውን እንዳይጀምር አጥብቀን እንመክራለን። አሠሪው ካልሰጠው ይጠይቅ። እጁ ላይ ቀድሞ የነበረ ቁስል ካለ ሥራውን ለሌላ ሰው ቢሰጥ ይሻላል። ከተወጋም በሳሙናና በንጹሕ ውሃ አጥቦ፣ ቀልቶ ማበጥ ከጀመረ ሳያድር ሐኪም ዘንድ መሄድ፣ ለሐኪሙም የወጋው የባሕር ዛጎል መሆኑን መናገር አለበት።

ቢላዋ ለማይወድ ሰው ኦቨኑ ራሱ ይከፍትለታል። በጠንካራ ብሩሽ የታጠበው ኦይስተር ከነክዳኑ በጋለ ኦቨን ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ጡንቻው ይላላና ክዳኑ ፈገግ ይላል፤ ያን ጊዜ ቢላዋው ያለ ትግል ይገባል። ከዚያም ስልሱ ተደርጎበት ተመልሶ ይጋገራል። አንዳንዱ ዛጎል በሙቀት ሲሰነጠቅ ስባሪ ሊወረውር ስለሚችል የኦቨኑን በር ሲከፍቱ ፊትን ዘወር ማድረግ ደግ ነው። ከመጋገሩ በፊት ክዳኑ ተከፍቶ ቢመቱት የማይዘጋ ኦይስተር የሞተ ነውና ይጣላል።

ሌሎቹ የዛጎል ፍጥረቶች

ስካሎፕ የሚባለው ዛጎሉ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋና ዝርግ ስለ ሆነ ብዙ ማቶት አያስፈልገውም። በፈረንሳይ «የቅዱስ ያዕቆብ ዛጎል» ይባላል፤ በስፔን አገር ወደ ሳንቲያጎ ወደ ቅዱስ ያዕቆብ መቃብር የሚሄዱ ተሳላሚዎች በልብሳቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ምልክት ይኸው ነው። ሥጋው በነጭ ስልስና በዳቦ ፍርፋሪ ተሸፍኖ በዛጎሉ ላይ ይጋገራል። ዛጎሉ ታጥቦ ደጋግሞ ስለሚያገለግል አንዳንድ ቤተ ሰብ ለዓመታት ያስቀምጠዋል።

መስል የተባለው ጥቁርና ረዘም ያለ ዛጎል፣ ክላም የሚባለውም ክብ ዛጎል፣ ልዩ ትሪ አይጠይቁም። ጠርዙ ከፍ ያለ ትሪ፣ ወይም ክዳን ያለው ወፍራም ድስት ከጥቂት ውሃ ጋር ይበቃቸዋል። በእንፋሎቱ ራሳቸው ይከፈታሉ፤ በስሎ ያልተከፈተውን አለመብላት ነው። በፈረንሳይ ምዕራብ ዳርቻ በሻራንት አገር ያሉ ሰዎች ግን ኦቨንም ድስትም ሳይሹ መስሉን በእንጨት ሰሌዳ ላይ ጥቅጥቅ አድርገው ይደረድሩና በደረቀ የጥድ ቅጠል ሸፍነው እሳት ይለቁበታል። ቅጠሉ ነድዶ ሲያልቅ ምግቡም ይደርሳል። አመዱን የሚያነሡት በማራገብ ነው።

በደቡብ ካሮላይና ዳርቻም እንዲሁ ያለ ቀላል ልማድ አለ። አንድ ትልቅ የብረት ዝርግ በእንጨት እሳት ላይ ይጋላል፤ ኦይስተሩ ከነክዳኑ በአካፋ ይፈስበታል፤ በላዩም ውሃ የጠጣ ጆንያ ይጣልበታል። ከጆንያው የሚነሣው እንፋሎት ዛጎሉን ይከፍታል። እንደ እኛ አስተያየት ከዕቃዎቹ ሁሉ ይህ እርጥብ ጆንያ ሳይደነቅ አይቀርም፤ እንጀራ ስንጋግር አክንባሎ የሚሠራውን ሥራ ይሠራልና።

ከበዓሉ በኋላ

ኦይስተሩ ከተበላ በኋላ በትሪው ላይ የሚቀረው ጨው ቅቤ ያልፈሰሰበት ከሆነ ቀዝቅዞ በዕቃ ተከድኖ ለሌላ ጊዜ መጋገሪያ ይቀመጣል፤ ለወጥ ግን አይሆንም። የብረት ትሪው በሙቅ ውሃና በብሩሽ ታጥቦ፣ በእሳት ላይ ደርቆ፣ ዘይት ይቀባል።

ዛጎሉ ግን ቆሻሻ አይደለም። የኦይስተር ጫጩት በውሃ ውስጥ ጥቂት ሳምንት ከተንሳፈፈ በኋላ የሚያርፍበት ጠንካራ ነገር ይፈልጋል፤ ከሁሉ የሚመርጠውም የወላጆቹን ዛጎል ነው። ሰው ለብዙ ዘመን ኦይስተሩን ከነዛጎሉ ከባሕር እያወጣ ስላልመለሰ ማረፊያው እየጠፋ ሄዷል። ሚያዝያ 2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የነዳጅ ማውጫው ፈንድቶ 11 ሰዎች ሲሞቱና ነዳጁ ወደ ባሕሩ ሲፈስ ደግሞ የሉዊዚያና ኦይስተር ለቃሚዎች ከባድ ጉዳት ደረሰባቸው። ከ2014 ጀምሮ የሉዊዚያና ዳርቻን ለመጠገን የተቋቋመ ማኅበር ከኒው ኦርሊንስ ምግብ ቤቶች የተበላውን ዛጎል በበርሜል እየሰበሰበ፣ በፀሐይ ለወራት አድርቆ፣ በባሕሩ ዳር እንደ ካብ ይደረድረዋል። ካቡ ማዕበሉን ያበርዳል፤ አዲሶቹም ኦይስተሮች ይጣበቁበታል። በእነዚህ ምግብ ቤቶች የሚሠራ ዕቃ አጣቢ ትሪውን ሲያራግፍ ሹካውን ለብቻ፣ ወረቀቱን ለብቻ፣ ዛጎሉንም ለብቻው በርሜል ውስጥ ይጥላል።